መራጩን ያሸነፈው ስልተኛና ያላሸነፈው የቦንድ ገበያ

በፌብሩዋሪ 1993 አንድ አሜሪካዊ የምርጫ ዘመቻ መሪ ለዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ የተናገሩት ቀልድ እስከ ዛሬ ድረስ ከገንዘብ ነጋዴዎች አፍ አልጠፋም። ሰውየው ያሉት በአጭሩ እንዲህ ነበር፤ ሞቶ ዳግም መወለድ የሚባል ነገር ካለ፣ ድሮ ፕሬዚዳንት ወይም የሮማ ጳጳስ ወይም ስመ ጥር የቤዝቦል ተጫዋች ሆኜ ብመለስ እመኝ ነበር፤ አሁን ግን የቦንድ ገበያ ሆኜ መወለድ ነው የምፈልገው፤ ሁሉንም ሰው ማስፈራራት ይቻላልና።

ተናጋሪው የባንክ ሰው ወይም የአክሲዮን ደላላ ቢሆኑ ኖሮ ቀልዱ ይረሳ ነበር። ጄምስ ካርቪል ግን ከሦስት ወር በፊት ቢል ክሊንተንን ነጩ ቤት ያስገቡ፣ ሥራቸው የመራጩን ሕዝብ ልብ ማወቅ የሆነ ሰው ናቸው። አርባ አራት ሚሊዮን ድምፅ ሰብስበው ዋሽንግተን ሲደርሱ፣ ድምፅ ሰጥቶ የማያውቅ፣ ስሙም በምርጫ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ አንድ ኃይል ከፊታቸው ቆሞ ጠበቃቸው። ለመሆኑ ይህ ሰው ማን ነው? ያስፈራውስ ገበያ እንዴት ነው የሚሠራው? የዛሬው ገጻችን ይህንን ይመለከታል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሱቅ ልጅ

ካርቪል በ1944 በጆርጂያ ግዛት በሚገኝ የጦር ሠፈር ተወለዱ። ያደጉት ግን በሉዊዚያና ግዛት በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ባለች፣ ስሟም ካርቪል በተባለች ትንሽ ቀበሌ ነው። የስሙ መመሳሰል አጋጣሚ አይደለም፤ ፖስታ ቤቱን ቤተሰቡ ያስተዳድር ስለነበር ቦታዋ በአያታቸው ስም ተጠራች። በሌላው ሰው ዘንድ የምትታወቀው ደግሞ በሥጋ ደዌ ሆስፒታሏ ነው። አባታቸው ከፖስታ ቤቱ ሌላ ሁሉም ነገር የሚሸጥበት ሱቅ ነበራቸው። እናታቸው ኢንሳይክሎፒዲያ መጻሕፍትን ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ይሸጡ ነበር። ካርቪል ከስምንት ልጆች የመጀመሪያው ናቸው።

የእናቲቱን ሥራ እንዲሁ ማለፍ አይገባም። የማያውቁትን ሰው በር አንኳኩቶ፣ ያላሰበውን ዕቃ፣ ያውም የመጻሕፍት ክምር፣ በዱቤ እንዲገዛ ማድረግ ቀላል ንግድ አይደለም። ገዢው ስለ ወረቀቱ ጥራትና ስለ ገጹ ብዛት ቢነገረው በሩን ይዘጋል፤ ስለ ልጁ የወደፊት ዕድል ሲነሳበት ግን ይቆማል። ልጁ ካርቪል ኋላ በምርጫ ዘመቻ ያደረገው ሁሉ በእኛ ግምት የዚህ ተከታይ ነው።

በትምህርታቸው ጎበዝ አልነበሩም። ዩኒቨርሲቲ ገብተው ውጤታቸው ስለተበላሸ ወጡና ሁለት ዓመት በባሕር ኃይል ወታደርነት አገለገሉ። ተመልሰው በ1973 ከሉዊዚያና ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ። ባተን ሩዥ ከተማ ውስጥ ጥብቅና ቆሙ፤ ሥራውን ግን አልወደዱትም። ፖለቲካውን ሙያ አድርገው ሲይዙት ዕድሜያቸው ወደ አርባ እየተጠጋ ነበር፤ አጀማመሩም የሚያበረታታ አልነበረም። በ1982 በቨርጂኒያ የመሩት የሴኔት ዘመቻ ተሸነፈ። በ1984 በቴክሳስ የመሩት ደግሞ ክፉኛ ተሸነፈ። ከነዚያ ዓመታት በአንዱ፣ ዋሽንግተን ውስጥ ዝናብ እየዘነበባቸው የሻንጣቸው ማንጠልጠያ ተበጥሶ፣ ከመንገድ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ማልቀሳቸውን ራሳቸው ይተርካሉ። አርባ የሞላው፣ ሥራ የሌለው፣ ገንዘብ የሌለው ጠበቃ ነበሩ።

እዚህ ላይ ስለ ሙያው ጥቂት እንበል። በአሜሪካ የምርጫ አማካሪነት ንግድ ነው። አንዱ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ይሸጣል፤ ሌላው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሠርቶ ከአየር ሰዓቱ ግዢ ላይ ኮሚሽን ይወስዳል፤ ኮሚሽኑም በቆየው ልማድ እስከ 15 በመቶ ይደርስ ነበር። ደላላ የሆነ አንባቢያችን ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያስብ እንገምታለን፤ እውነትም ነው፣ ማስታወቂያ በበዛ ቁጥር አማካሪው ይጠቀማል። ስልተኛው ግን ከሁሉም በላይ ያለው ሰው ነው። ጥናቱን አንብቦ፣ ዕጩው ምን ይበል፣ ምን አይበል፣ መቼ ይበል የሚለውን ይወስናል። ዕቃው ተጨባጭ ስላልሆነ ዋጋው የሚታወቀው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንቱን አሸነፈ? ካርቪል እስከ 1986 ድረስ በዚህ ሚዛን ዋጋ አልነበራቸውም ማለት ይቻላል።

ሎተሪን ሁለት ጊዜ መሸጥ

በ1986 ከሳቸው የባሰ ተሸናፊ አገኙ። በፔንሲልቫኒያ ግዛት ቦብ ኬሲ የተባሉ ፖለቲከኛ ለአገረ ገዢነት ሦስት ጊዜ ሞክረው ሦስቱንም ጊዜ ወድቀው ነበር። አራተኛውን ዘመቻ ካርቪል መሩላቸው። በመጨረሻው ሳምንት የተለቀቀ አንድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ፣ ተቀናቃኙ ዊሊያም ስክራንተን በወጣትነታቸው ከሕንድ የመጣ የተመስጦ ትምህርት ተከታይ እንደነበሩ ከሲታር ሙዚቃ ጋር አድርጎ አሳየ። ለግዛቲቱ ገበሬና የፋብሪካ ሠራተኛ መልእክቱ ግልጽ ነበር፤ ይህ ሰው የእናንተ ሰው አይደለም። ኬሲ በጠባብ ልዩነት አሸነፉ። ንጹሕ ሥራ ነበር ለማለት አይቻልም። ነገር ግን የካርቪል ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ በገበያው ዋጋ አወጣ።

በሚቀጥለው ዓመት በኬንታኪ ዋላስ ዊልኪንሰን የተባሉ ነጋዴ ለአገረ ገዢነት ሲወዳደሩ ከኋላ ተነስተው አሸነፉ። የዘመቻቸው ዋና ሐሳብ አንድ ነበር፤ ግዛቲቱ ሎተሪ ትጀምር፣ ገቢው ግብር ሳይጨመር ለሕዝብ አገልግሎት ይዋል። በ1990 በጆርጂያ ዜል ሚለር ይህንኑ ሐሳብ ይዘው ቀረቡ፤ እዚያ ደግሞ የሎተሪው ገንዘብ ለትምህርት ይሁን ተባለ። እሳቸውም አሸነፉ። ከ1993 ጀምሮ የጆርጂያ ሎተሪ ውጤታቸው ጥሩ ለሆነ ተማሪዎች የኮሌጅ ክፍያ የሚሸፍን ድጋፍ መስጠት ጀመረ። የሁለቱም ዘመቻ ስልተኛ ካርቪል ነበሩ። ነጋዴ ዕቃው በአንድ ከተማ ሲሸጥለት ወደ ሌላው እንደሚጭነው ሁሉ ሐሳቡን ጭነው ሄዱ፤ ልዩነቱ በሁለተኛው ከተማ ለገዢው የሚስማማ መጠቅለያ መፈለጋቸው ነው። (ሎተሪ ከድሃው ኪስ የሚወጣ ግብር ነው የሚሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት አሉ። ይህ ክርክር ሌላ ገጽ ይፈልጋል።)

በመካከሉ በ1988 በኒው ጀርዚ ሴናተር ሎተንበርግን አስመረጡ። ከሁሉም የሚበልጠው ድል ግን በ1991 መጣ፤ ለእኛ አገር አንባቢም የተለየ ትርጉም ያለው እሱ ነው።

በኤፕሪል 1991 የፔንሲልቫኒያው ሴናተር ጆን ሃይንዝ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። አገረ ገዢው ኬሲ በምትካቸው ሃሪስ ዎፎርድን ሾሙ። ዎፎርድ የኬኔዲ አማካሪ የነበሩ፣ ፒስ ኮር የተባለውን የሰላም ጓድ ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ የሆኑ፣ ከ1962 እስከ 1964 ደግሞ አዲስ አበባ ተቀምጠው የኢትዮጵያን ፒስ ኮር የመሩ ሰው ናቸው። በዚያን ዘመን ወደየክፍለ ሀገሩ ተበትነው ያስተማሩትን አሜሪካውያን የሚያስታውስ የዕድሜ ባለጸጋ ዛሬም አይጠፋም። ምርጫው በኖቬምበር ሲጠራ የተነሱባቸው ተቀናቃኝ የቀድሞ የግዛቲቱ አገረ ገዢና የፌዴራሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ዲክ ቶርንበርግ ነበሩ። በመጀመሪያው ጥናት ዎፎርድ ከአርባ ነጥብ በላይ ወደኋላ ቀርተው ነበር።

ካርቪልና ባልደረባቸው ፖል ቤጋላ የጥናቱን አኃዝ ትተው ሰው የሚያስጨንቀውን ጠየቁ። መልሱ የሕክምና ወጪ ነበር። ሥራውን ያጣ ሰው የጤና ኢንሹራንሱንም አብሮ ያጣል፤ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ወቅት ደግሞ ሥራውን ያላጣውም ሰው ይፈራ ነበር። ዎፎርድ በማስታወቂያቸው ወንጀለኛ ጠበቃ የማግኘት መብት ካለው ሠርቶ አዳሪው ሐኪም የማግኘት መብት ሊኖረው ይገባል ብለው ተከራከሩ። በአሥር ነጥብ ልዩነት አሸነፉ። ዋሽንግተን ደነገጠች፤ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩ ዲሞክራቶችም ካርቪልን ለመቅጠር ተሻሙ። ያገኟቸው የአርካንሶው አገረ ገዢ ቢል ክሊንተን ናቸው።

የወሊሶው መምህር እና ሦስቱ መስመሮች

በ1992 የዲሞክራቶች የመጀመሪያ ደረጃ ውድድር በኒው ሃምፕሺር ክሊንተንን ያሸነፏቸው ፖል ሶንጋስ ነበሩ። ሶንጋስም የፒስ ኮር ልጅ ናቸው፤ ከ1962 እስከ 1964 ወሊሶ ላይ አስተምረዋል። የማሳቹሴትስ ሴናተር ሆነው በሕመም ምክንያት ከሴኔቱ የወጡት እኚህ ሰው የዘመቻቸው ዋና ጉዳይ የመንግሥት ዕዳና የበጀት ጉድለት ነበር። ክሊንተን ለመካከለኛው መደብ የግብር ቅነሳ ሲያቀርቡ ሶንጋስ ገንዘቡ የለም፣ እኔ የገና አባት አይደለሁም አሉ። ኒው ሃምፕሺር ላይ 33 በመቶ አገኙ፤ ክሊንተን 25 በመቶ። ከዚያ በኋላ ግን ክሊንተን በግል ሕይወታቸውና በወታደራዊ ምልመላ ጥያቄ ከመጣባቸው ቅሌት ተርፈው ገሰገሱ፤ ሶንጋስም በማርች ወር ከውድድሩ ወጡ። አንባቢ የወሊሶውን መምህር ነገር እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

ተቀናቃኙ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ (አባትየው) የባሕረ ሰላጤውን ጦርነት አሸንፈው በ1991 መጀመሪያ ላይ በጋሉፕ ጥናት የ89 በመቶ ድጋፍ ነበራቸው። እንዲህ ያለ ፕሬዚዳንት ይሸነፋል ብሎ የሚወራረድ ደላላ በወቅቱ አልነበረም። ነገር ግን በጁላይ 1990 የጀመረ የኢኮኖሚ ድቀት ነበር፤ ቡሽም አዲስ ግብር አልጥልም ብለው በ1988 የገቡትን ቃል በ1990 አፍርሰው ነበር።

ካርቪል በሊትል ሮክ ከተማ፣ በተዘጋው የአርካንሶ ጋዜት ጋዜጣ ሕንፃ ውስጥ የዘመቻ ማዕከል ከፈቱ። የጦር ክፍል ተባለ፤ ስሙን ያወጡለት ሂላሪ ክሊንተን ናቸው ይባላል። በግድግዳው ላይ ሦስት መስመር ያለው ማስታወሻ ሰቀሉ። የመጀመሪያው ለውጥ ወይስ ያው የነበረው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ዝነኛው፣ ጉዳዩ ኢኮኖሚው ነው አንተ ደደብ እንደማለት ነው። ሦስተኛው የጤናን ጉዳይ እንዳትረሱ ይላል። ስድቡ ለመራጩ ወይም ለቡሽ የታሰበ አልነበረም፤ ለራሳቸው ለዘመቻው ሠራተኞች ነበር። አንባቢያችን ሱቅ ካለው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ዘመቻ የሚሸነፈው ብዙውን ጊዜ የሚናገረው አጥቶ ሳይሆን ብዙ ስለሚናገር ነው። ክሊንተን ሁሉን የሚያውቁ፣ ስለ ሁሉም ማውራት የሚወዱ ሰው ስለነበሩ ማስታወሻው ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለዕጩው ነበር።

ማዕከሉ ሌላም ነገር ለወጠ፤ ፍጥነትን። ቀደም ሲል ክስ ከተሰነዘረ በኋላ መልስ በማግስቱ ይወጣ ነበር። የካርቪልና የጆርጅ ስቴፋኖፖሎስ ሰዎች ግን ተቀናቃኙ ንግግሩን ሳይጨርስ መልሱን ለጋዜጠኞች በፋክስ ያደርሱ ነበር። ሁሉም ሙከራ አልሠራላቸውም። የቡሽ ዘመቻ ቁሳቁስ በብራዚል ታትሟል የሚል ወሬ ይዘው የቴሌቪዥን ጣቢያዎችን ለቀናት ቢወተውቱም ያሰቡት ሳይሆን ቀርቷል። ይህንን በ1993 የወጣው ስለ ማዕከሉ የተሠራው ዘጋቢ ፊልም ላይ ማየት ይቻላል።

አሁን ለነጋዴው ጆሮ የሚጥም አንድ ነገር አለ። ድቀቱ መቼ ነው ያበቃው? በማርች 1991! ከምርጫው ሃያ ወራት በፊት። ይህንን የሚወስነው ብሔራዊ የምጣኔ ሀብት ጥናት ቢሮ የተባለው ተቋም ነው፤ ተቋሙ ውሳኔውን ያስታወቀው ግን በዲሴምበር 1992፣ ቡሽ ከተሸነፉ ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው። በሌላ አነጋገር ካርቪል ኢኮኖሚው ወድቋል እያሉ ሲዘምቱ ኢኮኖሚው በቁጥር እያደገ ነበር። ታዲያ ዋሹ? አልዋሹም። ምርት ማደግ ቢጀምርም ሥራ አጥነት ገና እየጨመረ ሄዶ በጁን 1992 ወደ 7.8 በመቶ ደርሶ ነበር። ነጋዴው ድርጅት ሽያጩ ሲመለስ ወዲያው ሰው አይቀጥርም፤ መጀመሪያ ያሉትን ሠራተኞች ትርፍ ሰዓት ያሠራል፣ ዕቃውን ከመጋዘን ያወጣል። ቡሽ የምርቱን ቁጥር ይዘው ተከራከሩ፤ ካርቪል የደመወዙን። መራጩ የሚኖረው በሁለተኛው ውስጥ ነው።

ክሊንተን 43 በመቶ፣ ቡሽ 37.4 በመቶ፣ ሀብታሙ ነጋዴ ሮስ ፔሮ 18.9 በመቶ አገኙ። ፔሮ የግማሽ ሰዓት የቴሌቪዥን ጊዜ በገዛ ገንዘባቸው እየገዙ የበጀት ጉድለቱን በሠንጠረዥ ሲያስረዱ የነበሩ ሰው ናቸው። ለዚህ ትምህርት ከአምስት መራጮች አንዱ የሚጠጋ ድምፅ መሰጠቱ ቦንድ ሻጭና ገዢ ብቻ የሚያስብበት ጉዳይ እንዳልነበረ ያሳያል።

ቦንድ ሲያስፈራራ

እኛ አገር ቦንድ ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው ለሕዳሴው ግድብ የገዛውን ነው። ያ ገዝተው የሚያስቀምጡት፣ ጊዜው ሲደርስ ከነወለዱ የሚወስዱት ሰነድ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ቦንድ ግን ከወጣ በኋላ በየደቂቃው ይሸጣል፣ ይገዛል። አስፈሪነቱ የሚመነጨውም ከዚህ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። መንግሥት የ1,000 ዶላር የሠላሳ ዓመት ቦንድ በ7 በመቶ ወለድ ሸጠ እንበል። ባለቤቱ በዓመት 70 ዶላር ያገኛል። በማግስቱ አበዳሪዎች መንግሥት ብዙ ሊበደር ነው፣ የዋጋ ንረትም ሊመጣ ነው ብለው ይፈሩና በ8 በመቶ ካልሆነ አናበድርም ይላሉ። አዲሱ ቦንድ በዓመት 80 ዶላር ሲከፍል፣ 70 ዶላር የሚከፍለውን አሮጌ በ1,000 ዶላር ማን ይገዛል? ዋጋው ወደ 887 ዶላር ይወርዳል። ባለቤቱ ምንም ሳያጠፋ ከመቶ አሥራ አንድ ከሰረ። ስለዚህ ቦንድ የያዘ ሰው ሁሉ የመንግሥትን አፍ ነው የሚጠብቀው፤ ወጪ የሚጨምር ንግግር ሲሰማ ይሸጣል፣ ሲሸጥ ወለድ ይጨምራል። የቤት መግዣ ብድርና የድርጅቶች የረጅም ጊዜ ብድር ወለዱን የሚከተለው ይህንኑ ስለሆነ፣ ሥራ እፈጥራለሁ ብሎ ገንዘብ ሊያወጣ የተነሳ ፕሬዚዳንት ገና ሳያወጣ ግንበኛው ሥራ ሊያጣ ይችላል። ገበያው ሰላማዊ ሰልፍ አይወጣም፤ አቤቱታ አይጽፍም፤ ዝም ብሎ ዋጋ ይለውጣል።

በ1992 የበጀት ዓመት የአሜሪካ ጉድለት 290 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ክሊንተን ሥራ ሳይጀምሩ በዲሴምበር የብሔራዊ ባንኩ ሊቀ መንበር አለን ግሪንስፓን ሊትል ሮክ ሄደው፣ የረጅም ጊዜው ወለድ ከፍ ብሎ የቀረው ገበያው ጉድለቱን ስለሚፈራ መሆኑን ነገሯቸው። ከዎል ስትሪት የመጡት የኢኮኖሚ አማካሪያቸው ሮበርት ሩቢንም በዚሁ ሐሳብ ጸኑ። የዘመቻው ሰዎች አልተደሰቱም፤ እነሱ ለሠራተኛው የግብር ቅነሳና አዲስ ኢንቬስትመንት ቃል አስገብተው ነበር። ክርክሩን ያሸነፉት ግን እነ ሩቢን ናቸው። በፌብሩዋሪ 1993 ክሊንተን የመካከለኛው መደብ ግብር ቅነሳ እንደማይቻል ለሕዝቡ ተናገሩ። የካርቪል ቀልድ የተነገረው በዚያው ወር ነው።

እዚህ ላይ ነው የወሊሶው መምህር የሚታወሱት። ገንዘቡ የለም ያሉት ሶንጋስ በምርጫው ተሸነፉ፤ ያሸነፋቸው ሰው ግን ከአንድ ዓመት በኋላ በመሠረቱ የሳቸውን በጀት ይዞ ቀረበ። ሶንጋስ በጃንዋሪ 1997 ሲያርፉ ጉድለቱ በእጅጉ ወርዶ ነበር።

በጀቱ በኦገስት 1993 አለፈ። በታችኛው ምክር ቤት 218 ለ216፤ በሴኔቱ እኩል ለእኩል ሆኖ ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር ድምፅ ሰጥተው። አንድም ሪፐብሊካን አልደገፈውም። የባለጸጎች የገቢ ግብር ወደ 39.6 በመቶ ወጣ፣ በአንድ ጋሎን ቤንዚን ላይ 4.3 ሳንቲም ተጨመረ። ገበያው ወደደው። በዓመቱ መጀመሪያ ከ7 በመቶ በላይ የነበረው የሠላሳ ዓመት ቦንድ ወለድ በኦክቶበር ወደ 5.8 በመቶ ወረደ፤ የቤት ብድርም ከ7 በመቶ በታች ሆነ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ትምህርቱ ቀላል በሆነ ነበር፤ ገበያውን አስደስት፣ ወለድ ይወርዳል፣ መራጩም ያመሰግንሃል ብለን እንለያይ ነበር። ነገር ግን በፌብሩዋሪ 1994 ብሔራዊ ባንኩ ወለድ ማሳደግ ጀመረ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ3 በመቶ ወደ 6 በመቶ አደረሰው። ጉድለቱ እየቀነሰ ሳለ የሠላሳ ዓመቱ ቦንድ ወለድ ከ8 በመቶ በላይ ወጣ። ወለድ ይወርዳል ብሎ በብድር ገንዘብ የተወራረደው የካሊፎርኒያው ኦሬንጅ ካውንቲ ወደ 1.6 ቢሊዮን ዶላር አጥቶ በዲሴምበር 1994 ኪሳራ አወጀ። በኖቬምበር ደግሞ የክሊንተን ፓርቲ አርባ ዓመት የያዘውን የታችኛውን ምክር ቤት አጣ። ዋናው የዘመቻ ቃል የነበረው የጤና ሕግ ሳያልፍ ቀረ። በዚህ ጉዳይ ሴናተር የሆኑት ዎፎርድም በዚያው ዕለት ወደቁ። የበጀት ትርፍ የተገኘው በ1998 ነው፤ ከ1969 ወዲህ የመጀመሪያው። ዋጋውን በ1994 የከፈሉት ሰዎች ግን በዚያን ጊዜ ምክር ቤቱ ውስጥ አልነበሩም።

ዕቃው ወደ ውጪ ሲላክ

ካርቪል የመንግሥት ሹመት አልያዙም። በኖቬምበር 1993 የቡሽ ዘመቻ ምክትል ኃላፊ የነበሩትን ሜሪ ማታሊንን አገቡ፤ ጋዜጦችም ለረጅም ጊዜ በዚህ ተዝናኑ። ንግዳቸው ግን ወደ ውጪ ዞረ። በ1993 በግሪክ ለሚትሶታኪስ ሠርተው ተሸነፉ። በ1999 በእስራኤል ኤሁድ ባራክ ኔታንያሁን ሲያሸንፉ ከአማካሪዎቹ አንዱ ነበሩ።

የቦሊቪያው ግን ከሁሉም ይከብዳል። በ2002 ካርቪል ስማቸውን ያዋጡበት ድርጅት ለቀድሞው ፕሬዚዳንት ጎንዛሎ ሳንቼዝ ደ ሎዛዳ ዘመቻ ሠራ። ሕዝቡ ስለማይወዳቸው ስልቱ እንዲወደዱ ማድረግ አልነበረም፤ አገሪቱ ቀውስ ውስጥ ናት፣ ቀውስ ደግሞ ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋል የሚል ነበር። ሠራ። 22.5 በመቶ አግኝተው አንደኛ ወጡ፤ ኤቮ ሞራሌስ በ20.9 በመቶ ተከተሉ። ምክር ቤቱም ፕሬዚዳንት አደረጋቸው።

ከአምስት መራጮች አራቱ ያልመረጡት መንግሥት በዚያ ላይ አበዳሪ ነበረበት። የዓለም የገንዘብ ድርጅት ጉድለቱ ይቀነስ አለ፤ በፌብሩዋሪ 2003 በደመወዝ ላይ አዲስ ግብር ታወጀ፤ ላ ፓዝ ውስጥ ፖሊስና ወታደር እርስ በርስ ተታኩሰው ወደ ሠላሳ ሰዎች ሞቱ። በኦክቶበር በጋዝ ሽያጭ ምክንያት በተነሳው ዓመፅ ስድሳ ያህል ሰዎች ተገደሉ፤ ፕሬዚዳንቱም ኦክቶበር 17 ቀን ሥልጣን ለቀው ወደ አሜሪካ ሸሹ። ክሊንተን በ43 በመቶ ድምፅ አበዳሪውን መጋፈጥ ከብዷቸው ነበር። ሳንቼዝ ደ ሎዛዳ የተላከላቸው ስልት 22.5 በመቶ የሚያስገኝ እንጂ በዚያ ድምፅ አገር እንዴት እንደሚተዳደር የሚነግር አልነበረም። አማካሪዎቹ ሒሳባቸውን ከምርጫው ጋር ዘግተዋል። በእኛ አመለካከት የሙያው ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ ሻጩ ለዕቃው ዋስትና የሚሰጠው ገዢው በሩን እስኪወጣ ድረስ ብቻ ነው።

ካርቪል ዛሬ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። በ2024 ካማላ ሃሪስ ያሸንፋሉ ብለው በኒው ዮርክ ታይምስ ጻፉ፤ በጃንዋሪ 2025 በዚያው ጋዜጣ መሳሳታቸውን ገልጸው፣ ዲሞክራቶች የተሸነፉት በኢኮኖሚው ነው አሉ። የአሜሪካ የዋጋ ንረት በጁን 2022 ከደረሰበት 9.1 በመቶ በምርጫው ጊዜ ወደ 3 በመቶ ግድም ወርዶ ነበር። ነገር ግን ንረት ወረደ ማለት እንቁላል ረከሰ ማለት አይደለም፤ የተወደደው እንደተወደደ ቀርቶ የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው። በ1992 ለቡሽ ያልሆነላቸው ቁጥር በ2024 ለዲሞክራቶቹ አልሆነም።

ቀልዱ ግን ባለቤቱን አልፎ ሄዷል። በሴፕቴምበር 2022 የእንግሊዟ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዝ ትረስ የገንዘብ ምንጭ ያልተገኘለት የ45 ቢሊዮን ፓውንድ ግብር ቅነሳ ሲያውጁ የእንግሊዝ ቦንድ ወደቀ፤ እሳቸውም ሃምሳ ቀን ሳይሞላቸው ወጡ። በኤፕሪል 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ በዓለም ሁሉ ላይ የጣሉትን ቀረጥ ካወጁ በአንድ ሳምንት ውስጥ የአሥር ዓመት ቦንድ ወለድ ከ4 በመቶ ወደ 4.5 በመቶ ሲዘል፣ አብዛኛውን ለዘጠና ቀን አቆዩት። ጋዜጠኞች ምክንያቱን ሲጠይቋቸው የቦንድ ገበያውን ይመለከቱ እንደነበር፣ ሰዉም መደናገጥ ጀምሮ እንደነበር ተናገሩ።